ዝም ያለው ሕፃን
መሣሪያ ባነሰበት ሆስፒታል ስለ ሕፃናት ሐኪም ሥራ የቀረበ አጭር ጥናት

በየቤታችን ያደግንበት አንድ ልማድ አለ፤ ከብዙ ልጆች መካከል ቶሎ የሚታቀፈው የሚያለቅሰው ነው። ዝም ብሎ የተኛውን ግን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ልማድ በቤት ውስጥ እምብዛም አይጎዳ ይሆናል፤ በሆስፒታል ደጃፍ ግን ሕይወት ያጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ሰውና መሣሪያ ባነሰበት የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያ ሥራ ዝም ያለውን ሕፃን ፈልጎ ማግኘት መሆኑን ነው።

ለጥናታችን ደብረ ታቦርን መርጠናል። ከተማዋ በጉና ተራራ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፋርጣ፣ ከላይ ጋይንት፣ ከስማዳና ከእብናት ገጠር የታመመ ልጅ ይዛ የምትነሣ እናት፣ መኪና ከሚያገኘው መንገድ ለመድረስ ብቻ ብዙ በእግር መጓዝ ሊኖርባት ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ደክሞ ነው፤ የደከመ ሕፃን ደግሞ አያለቅስም።

የአገራችን የሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ጨቅላዎች ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የወረዱት። ይኸውም ከሟቾቹ መካከል የጨቅላዎች ድርሻ ቀድሞ አንድ ሦስተኛ የማይሞላ ሲሆን፣ በ2008 ከአምስት እጅ ሁለቱን አልፏል ማለት ነው።

1ኛ/ ልየታ

ሠላሳ እናቶች በሰልፍ ቆመዋል እንበል። ተራ ማክበር ፍትሕ ይመስለናል፤ ለሕፃናት ግን በመጡበት ተራ ማየት ፍትሕ አይደለም። ሠልጥኖ በር ላይ የሚቆም ሰው፣ ነርስም ይሁን ሌላ ሠራተኛ፣ ካርድ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ሕፃን በአጭር ጊዜ ይመለከታል፦ በደንብ ይተነፍሳልን? እጁ ቀዝቅዟልን? ያንቀጠቅጠዋልን? ሲጠሩት ይነቃልን? መጥባት አቅቶታልን? ከነዚህ አንዱ ከታየ ሰልፉ ይቀራል፣ ሕፃኑ ይገባል።

በማላዊ አገር በብላንታየር ከተማ በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ይህ ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ፣ ከተኙት ሕፃናት ከ10 እስከ 18 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ከ6 እስከ 8 በመቶ ወርዷል። የተለወጠው በዋናው የአሠራር ቅደም ተከተል ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ያገለግላል።

2ኛ/ አየር

በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ልጅ ይህን ለምዶት ይኖራል፤ የሳምባ ምች የያዘው ልጅ ግን ከመነሻውም የነበረው ትርፍ ጥቂት ነውና ቶሎ ይወድቃል። ኦክስጅን የሚገኘው ከሲሊንደር ወይም ከኮንሰንትሬተር ነው። ሲሊንደሩ መብራት አይፈልግም፤ ነገር ግን ሲያልቅ በመኪና ሄዶ ተሞልቶ መምጣት አለበት። ኮንሰንትሬተሩ ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን ለይቶ ኦክስጅኑን ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል።

በባንግላዴሽ ዳካ ሐኪሞች የመተንፈሻውን ቱቦ ጫፍ ውኃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ በመንከር፣ ሳምባው እንዳይከደን የሚያደርግ ግፊት የሚሰጥ ቀላል መሣሪያ ሠሩ። ቱቦው አምስት ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም የዚያን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናታቸው፣ በዚህ መንገድ ከታከሙት 79 ሕፃናት 3ቱ፣ በተለመደው ዝቅተኛ ኦክስጅን ከታከሙት 67 ደግሞ 10ሩ ሞተዋል።

3ኛ/ ሙቀት

የደጋ ሌሊት ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ስቡም ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ የቀዘቀዘ ጨቅላ ደግሞ መጥባት ያቆማል፣ ዝም ይላል። የማሞቂያ ሣጥን ቢኖር መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን በኮሎምቢያ ቦጎታ የሣጥን እጥረት ያስጨነቃቸው ሐኪሞች ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ማሰር ጀመሩ። ሕፃኑ ኮፍያና የሽንት ጨርቅ ብቻ ለብሶ በጡቶቿ መካከል ይታሰራል፤ በላዩም ጋቢ ይደረባል። ከእኛ አንቀልባ የሚለየው፣ ልጁ ከጀርባ ሳይሆን ከፊት፣ በልብስ ላይ ሳይሆን በገላ ላይ መሆኑ ነው።

የእኛው የሕፃናት ሐኪም ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንኑ በአዲስ አበባ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። በእናት ገላ ቶሎ ከታቀፉት ክብደተ ቀላል ሕፃናት 22.5 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ደግሞ 38 በመቶ ሞተዋል። እናት መብራት ሲጠፋ አትቀዘቅዝም።

4ኛ/ ምግብ

በረኃብ የተጎዳ ልጅ ሲገባ የሁላችንም ስሜት «ቶሎ ይብላ፣ ብዙ ይብላ» ነው። ይህ ደግነት ግን ሊገድል ይችላል። የተራበ አካል ሥራውን ሁሉ ቀንሶ የሚኖር ስለሆነ፣ ድንገት ብዙ ምግብ ወይም ብዙ የደም ሥር ፈሳሽ ሲገባበት የደሙ ማዕድን ይዛባል፣ ልብም ይደክማል። ስለዚህ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የያዘው ኤፍ 75 የተባለው ወተት፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ሳይቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። እዚህ ላይ የልጁን ሕይወት የሚጠብቀው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ኩባያ የሚይዝ ሰው ነው።

አንባቢያችን እንዳይሳሳት አንድ ነገር እንጨምር። ይህን የምንጽፈው ድህነትን ለማወደስ አይደለም። «በጠርሙስና በጋቢ ይበቃቸዋል» ብሎ መድኃኒትና መሣሪያ መከልከል ግፍ ነው። አንድ ኦክስጅን ቀርቶ ሁለት ሕፃናት ሲመጡ፣ ሐኪሙ የሚያደርገው ምርጫ ማንም ሰው ሊሸከመው የማይገባ ሸክም ነው። ሥርዓት የሚያድነው ብዙ ነው፤ ሁሉን ግን አያድንም።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያስተማረን ቁም ነገር፣ ጤና በአንድ ሐኪም ሳይሆን በጤና መኮንን፣ በነርስና በንጽሕና ባለሙያ ኅብረት እንደሚጠበቅ ነው። እኛ ደግሞ ኅብረቱን እናስፋው እንላለን። የምሕንድስና ተማሪው የተበላሸውን ኮንሰንትሬተር መጠገን ይማር፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪዋ የሲሊንደር ማጓጓዣ በበጀት ውስጥ የት እንዳለ ትጠይቅ፤ መምህር የሚሆነው ጓደኛችን በሚመደብበት ወረዳ፣ መጥባት ያቆመ ሕፃን ያንኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ለወላጆች ይንገር።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ነገ እዚያ በር ላይ እንቆማለን። በዚያን ጊዜ ጩኸቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲስበን፣ ዓይናችን ወደ ዝምታው ይዙር።