ምዕራፍ 7፦ ከሚጥልህ ጋር ግጠም

በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ፎንዴ የሚባል የሕዝብ መዝናኛ ማዕከል አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲዘጋ፣ ከናይጄሪያዋ ሌጎስ የመጣ አንድ ወጣት ተማሪ ወደ ማዕከሉ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ እየሄደ ይደቆስ ነበር። የሚደቁሰው ሞሰስ ማሎን ነው። ማሎን የሂዩስተን ሮኬትስ ቡድን ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ነበር፤ በ1979 እና በ1982 የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል፤ ከቅርጫቱ ነጥራ የምትመለስ ኳስ ለማንም አይለቅም። ዳኛ በሌለበት የእረፍት ጨዋታ እንዲህ ያለ ሰው በትከሻው ሲገፋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ተማሪው ግን በነጋታው ይመለሳል። ስሙ ሐኪም ኦላጁዎን ይባላል።

እኔ ለዓመታት ጽሑፌን የማሳየው ለሚያመሰግኑኝ ወዳጆቼ ብቻ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ጽሑፌ ግን ፈቅ አላለም። የኦላጁዎንን ታሪክ ሳነብ ቀድሞ የነካኝ ዋንጫው ሳይሆን ያ አዳራሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ኦላጁዎን በጥር 1963 ሌጎስ ውስጥ ከዮሩባ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ሲሚንቶ ይነግዱ ነበር። 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቅርጫት ኳስ አልተጫወተም። የእሱ ጨዋታ እጅ ኳስና እግር ኳስ ነበር፤ በእግር ኳሱም ግብ ጠባቂ ነበር። «ዘግይቻለሁ፣ ዕድሜዬን በሌላ ነገር አባክኛለሁ» የምትሉ አንባቢዎቼ ይህን ቦታ ቶሎ አትለፉት። ግብ ጠባቂ ኳሷ ሳትመታ መሄጃዋን ይገምታል፤ እግሩን ሳያጠላልፍ ወደ ጎን ይሻገራል። 2 ሜትር ከ10 ገደማ የሚረዝም ሰው እንዲህ ያለ እግር ይዞ ወደ ቅርጫት ኳስ ሲመጣ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱ ያደጉት ሴንተሮች የሌላቸውን ነገር ይዞ መጣ። በኤንቢኤ 3,830 ጊዜ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች የወረወራትን ኳስ አየር ላይ አግዷል። እስካሁን የበለጠው የለም።

ታዲያ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1980 ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያውን የውድድር ዓመት ሳይሰለፍ አሳለፈ። መጀመሪያ በተሰለፈበት ዓመትም በአማካይ 8.3 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። በ1983 የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ቡድኑ በመጨረሻዋ ሰከንድ 54 ለ 52 ተሸነፈ፤ በ1984 ፍጻሜም እንደገና ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሮኬትስ በኤንቢኤ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ከማይክል ጆርዳን አስቀድሞ አንደኛ አድርጎ ወሰደው። በ1986 ለኤንቢኤ ፍጻሜ ደርሶ በቦስተን ሴልቲክስ ተረታ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ደረቅ ናቸው፤ ከክለቡ ጋር ተጣልቶ ልሂድ ያለበትም ጊዜ ነበር።

በ1994 ፍጻሜ ኒውዮርክ ኒክስ ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ብዛት 3 ለ 2 ይመራ ነበር። ስድስተኛው ጨዋታ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ሮኬትስ 86 ለ 84 ይመራል። የኒክሱ ጆን ስታርክስ ባለ ሦስት ነጥቧን ኳስ ለመወርወር ተነሣ፤ ብትገባ ዋንጫው የኒክስ ነው። ኦላጁዎን ከርቀት ተስፈንጥሮ በጣቱ ጫፍ ነካት። የሌጎሱ ግብ ጠባቂ ነው ያዳናት ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሰባተኛውንም አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። በአንድ የውድድር ዘመን የዓመቱ ኮከብ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ የሆነ ከእሱ ሌላ ተጫዋች የለም።

   

በቀጣዩ ዓመት፣ በግንቦት 1995፣ ሳን አንቶኒዮ ላይ የከተማዋ ቡድን ሴንተር ዴቪድ ሮቢንሰን የዓመቱ ኮከብነት ሽልማቱን በደጋፊዎቹ ፊት ተቀበለ። ከዚያ ከሮኬትስ ጋር ጨዋታው ተጀመረ። ኦላጁዎን ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ ሲይዝ ትከሻውን ወደ አንድ ወገን ወዝወዝ ያደርጋል። ሮቢንሰን ሲከተል፣ በአንድ እግሩ ተሽከርክሮ በሌላው ወገን ይወጣል። ሮቢንሰን ደርሶ ሲዘል እሱ ገና አልዘለለም፤ እጁን ብቻ አሳይቶታል። ተከላካዩ አየር ላይ ሳለ በሥሩ አልፎ ኳሷን ያስገባል። በዚያ ምሽት 41 ነጥብ አስቆጠረ። ሮኬትስ ሮቢንሰንን ካሰናበተ በኋላ በፍጻሜው የሻኪል ኦኒልን ቡድን ኦርላንዶን 4 ለ 0 ረትቶ ሁለተኛውን ዋንጫ ወሰደ።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ፣ በሰኔ 2011፣ የማያሚው ኮከብ ሊብሮን ጄምስ በኤንቢኤ ፍጻሜ በዳላስ ተሸነፈ። አገር ምድሩ ሲተቸው ሰነበተ። በዚያው የእረፍት ወቅት ወደ ሂዩስተን ሄዶ ኦላጁዎን ፊት ቆመ። የ48 ዓመቱ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት፣ ትከሻውን ወዝወዝ እያደረገ፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያሳየው ጀመር።