የተገነጠለ ኮራል ከመደቡ ጋር እንዴት ይያያዛል?

ኮራል ድንጋይ ነው? ተክል ነው? ወይስ እንስሳ? እኛ ሰልጣኞች ነገ ክፍል ገብተን ሳይንስ ስናስተምር ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ተማሪ «እንስሳ ነው» ብለን ብቻ ብናልፍ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል እንጂ አይገባውም። ስለዚህ ከምናውቀው ነገር ተነሥተን ወደማናውቀው እንሂድ።

በአቦምሳና በአዋሽ ሸለቆ ቆላዎች በተለምዶ «የተዳቀለ» የምንለው የማንጎ ችግኝ አለ። በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም በማንጎ ላይ ይሠራል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከጥሩ ዛፍ እርሳስ የምታክል ቅርንጫፍ ትቆረጥና ጫፏ እንደ ሽብልቅ ተጠርቦ በተሰነጠቀው የችግኝ ግንድ ውስጥ ትገባለች። ከዚያም በላስቲክ ጥብቅ ተደርጋ ትታሰራለች። ታዲያ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ላስቲኩ ነው? አይደለም። ላስቲኩ እንዳትነቃነቅና እንዳትደርቅ ብቻ ይይዛታል፤ የሚያገጣጥማቸው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሕይወት ያለው ሥሥ ሽፋን ነው። በየቀኑ እየፈታ «ያዘ ወይ?» የሚል ሰው ችግኙን ያደርቀዋል።

የኮራልም ነገር እንዲሁ ነው። ድንጋያማው ኮራል ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ነው። ከሥራቸው ካልስየም ካርቦኔት፣ ማለትም የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበትን ነገር፣ እያወጡ ቤታቸውን ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ደግሞ ከብርሃን ምግብ ይሠሩላቸዋል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ተገንጥሎ የወደቀ ቁራጭ ውሃው ሲያንከባልለው ሥጋው ይላጣል፤ ከተደፋም ብርሃን ያጣል። መያያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

በውጭ አገር ኮራልን በቤታቸው፣ በጨዋማ ውሃ የመስተዋት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦

1ኛ/ መደብ የሚሆነውን ትንሽ ድንጋይ ወይም የሸክላ ቁራጭ በብሩሽ ፍቀው ከአልጌ ያጸዳሉ።

2ኛ/ ቁራጩን ለአፍታ ከውሃ አውጥተው ከሥር ያለውን ነጭ አጽም ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃሉ። ሥጋው አይነካም። ጓንትም ግድ ነው፤ ዞአንቲድ ከሚባሉት የኮራል ዘመዶች አንዳንዶቹ ብርቱ መርዝ አላቸው።

3ኛ/ ወፍራሙን ሱፐር ግሉ ቀብተው መደቡ ላይ ይጫኑታል። ይህ ማጣበቂያ በእርጥበት ስለሚጠነክር ውሃ ውስጥ መግባቱ አይጎዳውም። ቁራጩ ከባድ ከሆነ በእጅ የሚለወስ ኤፖክሲ ይጨምሩበታል።

4ኛ/ ከሌላ ኮራል አርቀው ያስቀምጡታል፤ ጎረቤታሞች ይናደፋሉና።

5ኛ/ ከዚያ በኋላ አይነካኩትም። ከሳምንታት በኋላ ሥጋው ማጣበቂያውን አልፎ መደቡ ላይ ይዘረጋል። «ያዘ» የሚባለው ያኔ ነው።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ድንጋያማ አጽም የሌለው ለስላሳ ኮራል ዝልግልግ ስለሆነ ማጣበቂያ አይዘውም፤ በመረብ ላላ ተደርጎ ይሸፈንና ራሱ ይጣበቃል። ፉንጊያ የሚባለው ደግሞ ካደገ በኋላ በተፈጥሮው አሸዋ ላይ ልቅ ሆኖ የሚኖር ስለሆነ ጭራሽ መጣበቅ የለበትም።

ይህ ሥራ የቤት ጌጥ ብቻ አይደለም። በባሕር ውስጥም ጠላቂዎች የተሰበረ ኮራል እየሰበሰቡ ድንጋይ ላይ ይተክላሉ። የኮራል አለቶች ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ ሳይሸፍኑ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉን ያኖራሉ፤ ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕርም በእነርሱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ይህ መንጣት ለ4ኛ ጊዜ ዓለምን ማዳረሱን አስታውቋል። እንግዲህ የሞተ ኮራል በየትኛውም ማጣበቂያ ቢለጠፍ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ የሚይዘው በሕይወት ያለው ነውና።

ይህን ክፍል ውስጥ ለማሳየት ባሕር አያስፈልገንም። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ሎሚ እንጭመቅ፤ አረፋ ማውጣቱ የኮራል ቤት ከምን እንደተሠራ ያሳያል። ቀጥሎም ተማሪዎቹ ራሳቸው አንዳንድ የማንጎ ችግኝ ይሰሩ። ከዚያ እንጠይቃቸው፦ ላስቲኩ የሚፈታው መቼ ነው? ለምንስ?