ከመከራ በኋላ ስለሚቀረው የኅሊና ቁስል

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ብዙ ዝናም የጠጣ ተራራ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋም በእጅም ሲቆፍሩ ሳሉ ሌላ ናዳ መጥቶ ለመርዳት ከመጡትም ብዙዎችን ወሰደ። የሞቱት ሰዎች ቍጥር ከ200 በላይ ሆነ፤ በአገሪቱም የሦስት ቀን ኀዘን ታወጀ።

በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለ ሞቱት አይደለም፤ በዚያ ጭቃ ዳር ቆመው አይተው ወደ ቤታቸው ስለ ተመለሱትና እነርሱን ስለሚመስሉ ሁሉ ነው እንጂ። በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ሰልስቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው በሥርዓት ይቈጠራል። ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀመጥ አባቶቻችን የሠሩልን ይህ ሥርዓት ታላቅ ጥበብ ነው። ዳሩ ግን መከራውን በዐይኑ አይቶ በሕይወት ለተረፈው ሰው የሚተከል ድንኳን የለም። «ተመስገን በል፥ ተርፈሃል» ይባላል፤ ለተናጋሪው ነገሩ በዚያ ያልቃል። ለተረፈው ግን አላለቀም።

እንዲህ ያለውን ሰው በምን እናውቀዋለን? ሌሊት ያንኑ ነገር በሕልሙ እያየ እየጮኸ ይነቃል። ቀንም ቢሆን በር ድንገት ሲዘጋ ወይም ዝናም የቤቱን ቆርቆሮ ሲመታ፥ መከራው ዛሬ የሚሆን ይመስለውና ልቡ ይመታል፥ ላብ ያጠምቀዋል። አደጋው በደረሰበት መንገድ አያልፍም፤ ስለዚያም ቀን ሲወራ ተነሥቶ ይወጣል። ቀድሞ ታጋሽ የነበረው በጥቂቱ ይቈጣል። ከልጆቹ መካከል ተቀምጦ ፍቅራቸው አይሰማውም፤ ይህም ራሱን እጅግ ያስፈራዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በልቡ የሚመላለሰው ጥያቄ ነው፤ «እነርሱ ሲሞቱ እኔ ለምን ተረፍሁ? ጥቂት ቀድሜ ብደርስ ኖሮ!» ይላል። ሕፃናት ደግሞ ይህን በቃል መናገር አይችሉም፤ ያዩትን ደጋግመው በጨዋታ ያሳያሉ፥ ትተውት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ይጀምራሉ፥ ከእናታቸው ቀሚስ አይለዩም።

ይህን የሚያይ ሁሉ ወዲያው ታሟል ማለት አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖችና ሳምንታት መደንገጥ፥ እንቅልፍ ማጣትና ማልቀስ የባሕርይ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰውም በቤተ ዘመድ መካከል ሆኖ ቀስ በቀስ ይድናል። ነገር ግን አንድ ወር አልፎ ምልክቶቹ ካልለቀቁት፥ ወይም ከዚያም በፊት ሥራ መሥራት፥ መብላትና መተኛት ካቃተው፥ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። ቁስሉ ከብዙ ወራት በኋላ የሚገለጥበትም ጊዜ አለ።

ይህን ሕመም የፍርሃትና የድክመት ምልክት አድርጎ መቍጠር የእኛ አገር ስሕተት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም.፥ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መድፍ አጠገባቸው ከፈነዳ በኋላ የማየት፥ የማሽተትና የማስታወስ ኃይላቸው ስለ ደከመ ወታደሮች ጽፎ ነበር። ሆኖም በዚያው ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በመኰብለል፥ በፍርሃትና ይህን በመሰለ ጥፋት ፈርዶ ከረሸናቸው መካከል በዚህ ሕመም የተያዙ እንደ ነበሩ ኋላ ታመነ። ለ306ቱ ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠና ዓመት ያህል ዘግይቶ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ሕመሙን ዛሬ በሚታወቅበት ስም በመዝገቡ ያሰፈረው በ1980 ዓ.ም. ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ግን ይህን ቁስል ከዚያ አስቀድሞ ያውቀዋል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 19 የተጻፈውን የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ እንመልከት። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ፥ ኤልዛቤል የሞት ዛቻ በላከችበት ጊዜ ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ተወው፤ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞትን ለመነ፤ ተኛም። እንግዲህ መልአኩ ያደረገውን እናስተውል። አልገሠጸውም፤ እምነትህ ወዴት ሄደ ብሎም አልጠየቀውም። ዳሰሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛ ሲተኛም ተወው። ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ከዐቅሙ በላይ እንደ ሆነም ነገረው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። በኮሬብም እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ እርሱም ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ አቤቱታ በዚያው ቃል መለሰ። የቈሰለ ሰው አንዱን ነገር ደጋግሞ ሲነግረን የምንሰለች እኛ ይህን ብናስብ መልካም ነው። ብቻውን ወደ ምድረ በዳ የገባው ነቢይም በመጨረሻ ኤልሳዕ ተሰጠው።

አንዳንድ ሰዎች ሐኪም ዘንድ መሄድን በጸሎትና በጸበል ላይ እንደ መካድ ይቈጥሩታል። ይህ ከትምህርታችን ውጭ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ስለዚህ ሕመምተኛው ይጸልይ፥ ይጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አያቋርጥ። መድኃኒቱን እንዲጥል የሚመክረው ሰው፥ የለበሰው ልብስ ምንም ይሁን ምን፥ ሊሰማው አይገባም።

ጎረቤትና ዘመድ ምን ያድርግ? የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳይናገሩ በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ነው። የተረፈውን ሰው ያየውን ሁሉ ዘርዝረህ ተናገር ብለን አናስገድደው፤ የዛሬ ሐኪሞችም ይህ ማስገደድ እንደማይጠቅም ያስተምራሉ። ሊናገር ሲወድ ግን እንስማው። ለመርሳት ብሎ አረቄ ወይም ጫት ሲያበዛ ካየን ቁስሉ እየባሰ መሆኑን እንወቅ። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ቢወጣ ነገ አይባልም፤ ብቻውን ሳንተወው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንውሰደው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ስለ ተደፈሩ እኅቶቻችንም ዝም ማለት አይቻለንም። የእነርሱ ቁስል ከሌላው የሚለየው፥ ብዙዎቹ በኀፍረት ደብቀው ስለሚይዙት ነው። ኀፍረቱ የአድራጊው ነው። እንዲህ ያለ በደል የደረሰባት ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ብትደርስ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ታገኛለች፤ ጊዜው ያለፈባትም ብትሆን ለሥጋዋም ለኅሊናዋም ሕክምና አላት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ እብድ መባል ይመስለናል፤ ሐኪሙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው መስማት፥ ሰውየው የሚሸሸውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀርበው መርዳት፥ ሲያስፈልግም መድኃኒት ማዘዝ ነው። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ብዙው ምእመን ጭንቀቱን የሚያመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ነው። «አባቴ፥ በድያለሁ፤ ጩኸቱን እየሰማሁ ላወጣቸው አልቻልሁም» ይላል። አለመቻል ግን ኃጢአት አይደለምና ቀኖና አይሰጥበትም። እንቅልፍና ምግብ ላጣ ሰው ጾምና ስግደት መጨመር፥ መልአኩ እንጎቻ ባቀረበበት ቦታ ድንጋይ ማቅረብ ነው። ካህኑ ኑዛዜውን ከሰማ በኋላ አስቀድሞ «ልጄ፥ ትተኛለህን? ትበላለህን? በቤትህስ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ሰምቶ፥ ሕመምተኛው ከፈቀደለት ሰው ጋር እስከ ጤና ጣቢያው ደጅ ድረስ ቢሸኘው ከአገልግሎቱ የወጣ ሥራ አልሠራም።