ሣር ላይ የሚጠቁም፣ አስፋልት ላይ የሚያልፍ ውሻ

ጥያቄ፦ ሣር ላይ የተጣለን ዕቃ ሳይስት የሚጠቁም ዱካ ተከታይ ውሻ፣ አስፋልት ላይ ሲደርስ አልፎት የሚሄደው ለምንድን ነው? እንዴትስ ይታረማል?

መልስ፦ ሣር ላይ ውሻውን የሚመራው የሰው ጠረን ብቻ ሳይሆን የተረገጠው ቅጠልና የተነካው አፈር የሚያወጡት ሽታ ጭምር ሲሆን፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ላይ ግን የሚቀረው በአብዛኛው ከሰውነት የረገፈው ጠረን ነው፤ እርሱንም ነፋስ እየገፋ ግድግዳ ሥርና መንገድ ጠርዝ ያከማቸዋል። ውሻውም ወደ ጠርዙ እየተሳበ መሐል ላይ ያለውን ዕቃ ይስታል።

ስለዚህ «ጥቆማ»፣ ማለትም ውሻው ዕቃውን ማግኘቱን በመተኛት፣ በመቀመጥ ወይም በመቆም ማሳወቁ፣ ከዱካው ተለይቶ በየወለሉ ዓይነት እንደ አዲስ ሊሠለጥን ይገባል፤ ሣር ላይ የተማረውን ጠጠር ላይ በራሱ አያዛምድምና። ሽልማቱም እዚያው ዕቃው ዘንድ፣ በፊት እግሮቹ መካከል ይሰጠዋል። ጠንካራ ወለል ላይ ዕቃው ለዓይን ስለሚጋለጥ፣ ውሻው በአፍንጫው እንዲሠራ ቀለሙ ወለሉን የሚመስል ዕቃ መምረጥ ይበጃል። ፀሐይ ባጋለው አስፋልት ላይ አልተኛም ያለ ውሻ ግን (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) እምቢተኛ ሊባል አይገባም።

የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የልዩ ልዩ ወለል ዱካ ፈተና ከ600 እስከ 800 ያርድ የሚረዝም፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የቆየ ዱካ ሲሆን፣ ከቆዳ፣ ከጨርቅ፣ ከፕላስቲክና ከብረት የተሠሩ 4 ዕቃዎች አሉት፤ ከእነዚህ ብረት ጠረንን ወደ ውስጡ ስለማይመጥ በመጨረሻ ቢለማመዱት ይሻላል።