እየደከመ ከሄደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ የንግድ ሰነዶችን ስለ ማዳን

የንግድ ሥራ በዕቃና በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰነድም ጭምር የሚቆም መሆኑ ከነጋዴው ወገን የተሰወረ አይደለም። ከውጭ አገር የመጣው ዕቃ ከጉምሩክ የሚወጣው በዲክላራሲዮን፣ የሽያጩ ዋጋ የሚረጋገጠው በደረሰኝ፣ ከደንበኛ ጋር የተደረገው ስምምነትም የሚጸናው በውል ነው። እነዚህ ሰነዶች ቀድሞ በብረት ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ መደብርና ጽሕፈት ቤት የዓመታት ሒሳብ ከእጅ መዳፍ በማይበልጥ በአንድ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። ስለዚህ ይህ ትንሽ ዕቃ መድከም ሲጀምር ምን ማድረግ፣ ይልቁንም ምን አለማድረግ እንደሚገባ ማወቅ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን የማወቅ ያህል አስፈላጊ ሆኗል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ታክስ ከፋዩ ሰነዶቹን ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ የንግድ ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ የወሰነ እንደ ሆነም እስከዚያው ድረስ ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል። ወጪውን በሰነድ ማስረዳት ያልቻለ ነጋዴ ወጪው ተቀባይነት ሊያጣበት ይችላል። በኦዲተር ፊት ቀርቦ «ዲስኩ ተበላሽቷል» ማለት መዝገብን አይተካም።

የዲስኩ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ 50 ሳሕኖች የነበሩትና 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን የሚይዝ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ በችሎታው ከዚያ ቢያንስ 200,000 እጥፍ ቢበልጥም፣ የአሠራሩ መሠረት ያው ነው። ማግኔታዊ ቅብ ያላቸው ክብ ሳሕኖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ፤ የማንበቢያው ጭንቅላትም ሳይነካቸው በላያቸው ይንሳፈፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። እንግዲህ ዲስኩ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ጭንቅላቱ ሳሕኑን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ቦታ በላዩ የተጻፈውን ይዞ ይጠፋል፤ ከዚያ የተነሣው ብናኝም ጤነኛውን ቦታ እያበላሸ ይሄዳል።

ከዚህ የሚገኘው ዋና ትምህርት የታመመ ዲስክ በሠራ ቁጥር ሕመሙ የሚብስበት መሆኑ ነው። የሚከተለው ምክር ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ምልክቶቹን ስለ መለየት

1ኛ፤ ዲስኩ ጨርሶ ምልክት ካልሰጠ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የኃይሉ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ጤነኛ ኬብልና ሌላ የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ ይሞከር። የራሱ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ያለው ትልቁ ዓይነት ሲሆን ደግሞ ማገናኛው ይፈተሽ። ብዙ ጊዜ የሞተ የመሰለው ዲስክ በዚህ ይነሣል።

2ኛ፤ ዲስኩ ድምፁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው የፋይሎቹ ማውጫ እንጂ ፋይሎቹ ራሳቸው አይደሉም። መልሱ ሁልጊዜ «አይሆንም» መሆን አለበት።

3ኛ፤ አንድ ፋይል ለመክፈት ብዙ ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ወይም ፋይል ሲገለበጥ በመካከል የሚቆም ከሆነ፣ በሳሕኑ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች መፈጠራቸውን ያመለክታል።

4ኛ፤ ከውስጡ በተደጋጋሚ የጠቅ ጠቅታ ወይም የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቱ ተጎድቷል ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት ኬብሉ ይነቀል፤ ዳግመኛም አይሰካ።

ሊደረግ የማይገባው

በጭንቀት የሚሠራ ሰው ከጉዳቱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። በታመመው ዲስክ ላይ አዲስ ፋይል አይጻፍበት። ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ማረሚያም ማውጫውን ለማስተካከል ሲል በዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ፣ ሊገኝ ይችል የነበረውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላልና አስቀድሞ አይሞከር። ዲስኩን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይፈውሳል የሚባለውም ጤዛ በሳሕኑ ላይ እንዲፈጠር ስለሚያደርግ ጎጂ ነው። ሽፋኑን መክፈት ደግሞ ከአቧራ በጸዳ ልዩ ክፍል ካልሆነ በቀር የመጨረሻውን ተስፋ መቁረጥ ነው።

በቅድሚያ ግልባጭ፣ ከዚያ በኋላ ፍለጋ

የጠቅታ ድምፅ የሌለው ዲስክ ሲሆን ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይከናወን። ችሎታው ከታመመው የማያንስ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይዘጋጅ። ዲስኩ ጥቂትም ቢሆን የሚከፈት ከሆነ፣ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለድርጅቱ ሕልውና የሚያስፈልጉት ጥቂት ፋይሎች ብቻ ቀድመው ይውጡ፤ እነርሱም የሒሳብ መዝገቡ፣ ያልተዘጉት ውሎችና የባንክ ሰነዶች ናቸው። የሠርግና የበዓል ፎቶግራፎች ይቆዩ።

ከዚያ በኋላ የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ ይነሣ። ለዚህ ተግባር ዲ.ዲ. ሬስኪዩ የተባለው፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ነጻ ፕሮግራም በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ያነባል፤ አስቸጋሪውን ቦታ ዘሎ ያልፍና በመጨረሻ ይመለስበታል። የደረሰበትንም በማስታወሻ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ጤነኛ የሆነ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ለመገልበጥ 3 ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ የታመመው ግን ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል ትዕግሥት ያሻል።

ግልባጩ ሲያልቅ የታመመው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ፍለጋው በግልባጩ ላይ ይሁን። ቴስት ዲስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የተበላሸውን ማውጫ ለመጠገን፣ ጓደኛው ፎቶ ሬክ ደግሞ ማውጫው ጨርሶ ሲጠፋ ፋይሎችን በጠባያቸው ለይቶ ለማውጣት ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ ፎቶ ሬክ የሚያወጣቸው ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውን ያጣሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ስም አልባ ኢንቮይሶችን አንድ በአንድ ከፍቶ መለየት ምን ያህል ድካም እንደሆነ ነጋዴው ይገምተው።

በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የአንድ ድርጅት ሒሳብ በአንድ ፋይል ሳይሆን በአንድ ፎልደር ውስጥ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ፎልደሩ በሙሉ መውጣት አለበት። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ሒሳቡ ላይከፈት ይችላል።

ወደ ባለሙያ ስለ መውሰድ

የጠቅታ ድምፅ ያለውን ወይም በውስጡ ያለው ሰነድ እጅግ ውድ የሆነውን ዲስክ ራስ መሞከር አይገባም። ለባለሙያ ከመስጠትም በፊት እነዚህ ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ አስቀድሞ ሙሉ ግልባጭ ያነሣልን? የተገኘውን በሌላ ዲስክ ላይ ያስረክባልን? ሰነዱ ካልተገኘ የሚከፈለው ስንት ነው? የደንበኞቻችንን ምሥጢርስ እንዴት ይጠብቃል? «ፎርማት አድርጌ እሠራዋለሁ» የሚል ጠጋኝ ዲስኩን ለሽያጭ ያዘጋጀው ይሆናል እንጂ ሰነዱን አያድንም። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ከሌለ የባለሙያው ድካም ከንቱ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ በካዝና ይቀመጥ።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል

ከማናቸውም ማዳን የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ሰነዱ በሦስት ቅጅ ይኑር፤ ቅጅዎቹም ከሁለት ባላነሱ የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ይሁኑ፤ አንዱም ከመደብሩ ውጭ ይቀመጥ። በመደብሩ እሳት ቢነሣ ወይም ሌባ ቢገባ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ቅጅዎች አብረው ይጠፋሉና። መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ማውጫው ስለሚበላሽ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ያለው ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር በዩ.ፒ.ኤስ. ይገናኝ፤ ኬብል ከመንቀልም በፊት ማስወገጃው ትእዛዝ ይሰጥ። የደረሰኞችና የዲክላራሲዮኖች ዋና ቅጅ በኮምፒዩተር ተነሣ ተብሎም አይጣል።

በመጨረሻም ቅጅ አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ያልተፈተነ ቅጅ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ የሒሳብ ሹሙ በየወሩ መጨረሻ ከቅጅው ላይ አንድ የቆየ ኢንቮይስና የወሩን ሒሳብ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ይመልከት። ከተከፈተ ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ ካልተከፈተ ዋናው ዲስክ ጤነኛ ሳለ በዚያኑ ዕለት አዲስ ቅጅ ያንሣ።