ከሰነድ እስከ መማሪያ ክፍል፦ የአየርላንድ የግንኙነትና የጾታዊ ሕይወት ትምህርት ግምገማ

በአየርላንድ የግንኙነትና የጾታዊ ሕይወት ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶች የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ዘመኑ ለጉዳዩ የተመቸ አልነበረም። በ1984 በግራናርድ ከተማ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ በማርያም ሐውልት አጠገብ ብቻዋን ወልዳ ከነሕፃኗ መሞቷ አገሪቱን አስደንግጧት ነበር። ፍቺን የፈቀደው የ1995 ሕዝበ ውሳኔም ያለፈው ከአንድ በመቶ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። ትምህርቱ እንዲህ ባለ ውጥረት መካከል በመጀመሩ ከጅምሩ ጥንቃቄ የበዛበት ሆነ።

የ1998ቱ የትምህርት ሕግ ይህንኑ ጥንቃቄ አጸና። ትምህርት ቤቶች ከወላጆች ጋር እየተመካከሩ የጤና ትምህርት እንዲሰጡ ሲያዝ፣ የየትምህርት ቤቱን መለያ መንፈስ ከግምት እንዲያስገቡም ይጠይቃል። ከሕሊናቸው ጋር የሚጋጭ ትምህርት ሲኖር ወላጆች ልጃቸውን ከክፍል የማስቀረት መብት አላቸው። አብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባለአደራነት የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ «መለያ መንፈስ» የሚለው ሐረግ በተግባር ከባድ ክብደት ነበረው።

በ2018 የትምህርት ሚኒስትሩ ሪቻርድ ብሩተን የብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና ምክር ቤት ትምህርቱን እንዲገመግም ጠየቁ፤ ዘገባው በታኅሣሥ 2019 ወጣ። የአደባባዩ ክርክር ይበልጡን ያተኮረው በይዘቱ ላይ ነበር፤ ምን ይካተት፣ ምን ይቅር፣ የማን እምነት ይቅደም በሚለው። ከዘገባው እጅግ ጠቃሚው ክፍል ግን የተማሪዎች ምስክርነት ነው ማለት ይቻላል። ትምህርቱ ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ በሥነ ሕይወትና በአደጋ ማስጠንቀቂያ ላይ እንደሚያተኩር፣ ስለ ፈቃደኝነት፣ ስለ ስሜትና ስለ ጤናማ ግንኙነት ግን ጥቂት ብቻ እንደሚናገር ገለጹ። መምህራንም በበኩላቸው በቂ ሥልጠናና በራስ መተማመን እንደሚጎድላቸው ተናገሩ።

እነዚህ ሁለት ግኝቶች ተለያይተው ሊነበቡ አይገባም። ክፍለ ጊዜው በሌላ ትምህርት ለሠለጠነ መምህር ሲደርሰው፣ መምህሩ ወደሚያስተማምነው ይሸሻል። የአካል ክፍሎች ሥዕል ትክክለኛ መልስ አለው፤ «እምቢ ማለት ፈልጌ ዝም ብል እንደ ተስማማሁ ይቆጠራል ወይ?» የሚለው የተማሪ ጥያቄ ግን ውይይትን፣ ውይይትም ልምድን ይጠይቃል። ከውጭ እንግዳ መጋበዝም ችግሩን በከፊል ብቻ ይፈታል፤ እንግዳው ሲሄድ በሚቀጥለው ሳምንት የሚነሣው ጥያቄ ሰሚ ያጣልና። ዝምታውም ሁልጊዜ ከትምህርት ቤቱ እምነት የመነጨ ክልከላ አይደለም፤ የተፈቀደውን በውል የማያውቅ መምህር ራሱን አስቀድሞ ይገድባል።

ከግምገማው በኋላ የታችኛው የሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ፣ የግልና የጤና ትምህርት ታድሶ በመስከረም 2023 ሥራ ላይ ዋለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 100 ሰዓት ተመድቦለታል፤ ግንኙነትና ጾታዊ ሕይወትም ከአራቱ ዘርፎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት በደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ተከፈተ። የጋዜጦቹን ትኩረት የሳበው የይዘቱ ዝርዝር ቢሆንም፣ ክፍሉን የመለወጥ ዕድል ያለው ዲፕሎማው ይመስላል።

ለተመራማሪ የሚቀረው የዘዴ ጥያቄ ነው። ለሕዝብ ምክክር አስተያየት የሚልኩት በአብዛኛው ጽኑ አቋም ያላቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤቶች የሚሞሉት መጠይቅም የክፍለ ጊዜውን መኖር እንጂ በውስጡ የሚባለውን አያሳይም። የአዲሱ መርሐ ግብር ቀጣይ ጥናት ትምህርቱን በክፍል ተገኝቶ መመልከትን፣ ያልሠለጠነና የሠለጠነ መምህር ያስተማራቸውን ተማሪዎች ማነጻጸርን፣ እንዲሁም በወላጆቻቸው ፈቃድ ከክፍል የቀሩት ልጆች መረጃውን ከየት እንደሚያገኙ መጠየቅን ይሻል።