ረቂቅ ሕግ ማቅረብ የማይችል ኮሚቴ፦ ሚኪ ሌላንድና የአሜሪካ የረሃብ ፖሊሲ፣ ከ1979 እስከ 1989

አጠቃሎ

የአንድ ሕግ አውጪ ተጽዕኖ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ባመነጫቸውና ባጸደቃቸው ሕጎች ብዛት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩትን የሚኪ ሌላንድን አስተዳደግ፣ የሥራ ዘመንና የፖሊሲ አቋም በመመርመር መለኪያው ምን ያህል እንደሚያጎድል ያሳያል። ሌላንድ የመሩት የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ረቂቅ ሕግ መርምሮ ለምክር ቤቱ የማቅረብ ሥልጣን አልነበረውም። ይሁንና በልዩ ልዩ ቋሚ ኮሚቴዎች ተበታትኖ የቆየውን የረሃብ ጉዳይ ወደ አንድ አጀንዳ ማምጣት ችሏል። ጽሑፉ የዚህን አሠራር ጥንካሬና ደካማ ጎን በተለይ በኢትዮጵያ ረሃብ ላይ ተመርኩዞ ይመለከታል። በሌላ መልኩ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ሚኪ ሌላንድ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወሱት በአብዛኛው በአሟሟታቸው ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ጋምቤላ ውስጥ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲጓዙ የነበሩበት አነስተኛ አውሮፕላን ተከስክሶ ከነተሳፋሪዎቹ ጠፋ። ይህ ፍጻሜ የፈጠረው ሐዘን የእንደራሴውን ሥራ በበጎ አድራጊነት ዐይን ብቻ እንድናይ አድርጎናል። በጎ አድራጊነት ግን የሰውየውን ልብ እንጂ የአሠራራቸውን ስልት አያስረዳም። ስለዚህ እዚህ የሚነሣው ጥያቄ፣ አንድ እንደራሴ ሕግ የማመንጨት ሥልጣን በሌለው መድረክ አማካይነት የመንግሥትን ፖሊሲ እንዴት ሊያንቀሳቅስ ይችላል? የሚለው ነው።

2. አስተዳደግና የፖለቲካ ጅማሬ

ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ በኖቬምበር 1944 በቴክሳስ ግዛት በላቦክ ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በሂውስተን ከተማ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ድኻ ሰፈር ነው። በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቀው በዚያው ተቋም ለጥቂት ጊዜ ክሊኒካዊ ፋርማሲ አስተማሩ። ይህ ሙያ ለኋለኛው አቋማቸው መነሻ ስለሆነ ትኩረት ይሻል። የድኻ ሰፈር ነዋሪ በሽታው ታውቆለት፣ መድኃኒቱም በገበያ ላይ እያለ፣ ዋጋው ከዐቅሙ በላይ በመሆኑ ብቻ ሳይታከም ይቀር ነበር። ሌላንድ በ1972 ለቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ተመርጠው ባገለገሉባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ በዋጋ ርካሽ የሆኑ ጄኔሪክ መድኃኒቶች ለሕመምተኞች እንዲቀርቡ የተከራከሩት ከዚህ ተነሥተው ነው። ችግሩን ያዩት እንደ አቅርቦት እጦት ሳይሆን እንደ ተደራሽነት እጦት ነበር። በኋላ ስለ ረሃብ ያነሡት ክርክርም በዚሁ አመለካከት ላይ የቆመ ነው።

በ1978 የ18ኛው የምርጫ ክልል እንደራሴ የነበሩት ባርባራ ጆርዳን ለዳግም ምርጫ እንደማይወዳደሩ ሲታወቅ ሌላንድ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ተወዳድረው አሸነፉ፤ በጃኑዋሪ 1979ም ወደ ኮንግረስ ገቡ። ከ1985 እስከ 1986 ደግሞ የኮንግረሱን ጥቁር አባላት ኅብረት በሊቀ መንበርነት መርተዋል።

3. የኮሚቴው አወቃቀርና አሠራር

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ሕጎች የሚመረመሩት በቋሚ ኮሚቴዎች ነው። ረሃብን የሚመለከቱ ጉዳዮች ግን ባለቤታቸው አንድ አልነበረም። ፉድ ስታምፕ የሚባለው የምግብ ድጎማ በግብርና ኮሚቴ፣ የውጭ እርዳታ በውጭ ጉዳይ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤት ምገባ በትምህርትና ሠራተኛ ኮሚቴ፣ ገንዘቡ ደግሞ በበጀት ደልዳይ ኮሚቴ ሥር ነበር። እያንዳንዱ ኮሚቴ የራሱን ድርሻ ቢመለከትም፣ የተራበው ሰው ከሁሉም መካከል ይወድቅ ነበር።

ሌላንድ ከኒውዮርኩ የሪፐብሊካን እንደራሴ ከቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆነው ያቀረቡት መፍትሔ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም ነበር። ምክር ቤቱ በ1984 መጀመሪያ ሐሳቡን ተቀብሎ ሌላንድን ሊቀ መንበር አደረገ። ጊዜው ልብ ሊባል ይገባል። ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ያስደነገጠው በኦክቶበር 1984 ሲሆን ኮሚቴው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ተቋቁሟል። ስለዚህ ኮሚቴውን የወለደው የቴሌቪዥን ምስል ነው ማለት አይቻልም፤ ምስሉ በመጣ ጊዜ ጉዳዩን የሚቀበል ተቋም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል ማለት ግን ይቻላል።

ልዩ ኮሚቴው ያጠናል፣ አስረጂዎችን ይሰማል፣ ሪፖርት ያወጣል፤ ረቂቅ ሕግ ግን ለምክር ቤቱ አያቀርብም። ሌላንድ ይህን ጉድለት በሦስት መንገድ ለማካካስ ሞክረዋል። አንደኛው የአስረጂ መድረክ ነው፤ በዚህም የዘርፉ ባለሙያዎችና የመንግሥት ኃላፊዎች በአንድ ጉዳይ ላይ በይፋ እንዲናገሩ ይደረግ ነበር። ሁለተኛው የመስክ ጉብኝት ሲሆን፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ እንደራሴዎች ጉዳቱን በዐይናቸው አይተው ሲመለሱ በየቋሚ ኮሚቴዎቻቸው የጉዳዩ ጠበቃ ይሆናሉ። ሦስተኛው የሁለቱ ፓርቲዎች ጥምረት ነው፤ የጊልማን ተሳትፎ ረሃብ የአንድ ወገን አጀንዳ ተደርጎ እንዳይታይ ረድቷል።

የዚህ አሠራር ጎላ ያለ ውጤት በ1985 የጸደቀው የአፍሪካ የረሃብ እርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ ነው። በሕጉና ከእሱ ጋር በተያያዘው ተጨማሪ በጀት ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ምግብና ሰብአዊ እርዳታ ተፈቅዷል። በአገር ውስጥም ሌላንድ በ1986 ቤት አልባ ለሆኑ ሰዎች የሚውል ሰፊ የእርዳታ ረቂቅ ሕግ ለተወካዮች ምክር ቤት አቅርበው ነበር። በዓመቱ በጸደቀው የቤት አልባዎች እርዳታ ሕግ ውስጥ ከረቂቁ ሐሳቦች ከፊሉ ቦታ አግኝተዋል።

4. የአቋማቸው ፈተና፦ ኢትዮጵያ

የሌላንድ ዋና መርሕ ምግብ ከፖለቲካ መለየት አለበት የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ለዚህ መርሕ ከባድ ፈተና ሆናለች። የደርግ መንግሥት የሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ነበር፤ አሜሪካም ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባ አምባሳደር አልነበራትም። በተወረሱ ንብረቶች ካሳና ባልተከፈለ ዕዳ ምክንያት የልማት እርዳታ በሕግ ተከልክሎ የተፈቀደው የአስቸኳይ ጊዜ ሰብአዊ እርዳታ ብቻ ነበር። ሌላንድ በዚህ ጠባብ በር ብዙ እህል እንዲያልፍ ሲወተውቱ፣ ከደርግ ባለሥልጣናት ጋር ፊት ለፊት መነጋገርንም እንደ አስፈላጊ የሥራ አካል ይቆጥሩ ነበር።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ተቺዎች እርዳታው በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ላለ መንግሥት ትንፋሽ ይሰጣል ይሉ ነበር። ከወሎና ከትግራይ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ደቡብና ምዕራብ እንዲሰፍሩ የተደረገበት መርሐ ግብር ይህን ክርክር አጠናክሮታል፤ መርሐ ግብሩን በይፋ የነቀፈው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትም በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባሯል። በኮንግረሱ ውስጥም በኢትዮጵያ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲጣል የሚጠይቁ ሐሳቦች ቀርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ የሚመስል ነገር አለ። በዚያው ጊዜ ሌላንድና የጥቁር አባላቱ ኅብረት በደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ይታገሉ ነበር። በ1986 ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ሬገንን ውድቅ የማድረግ ውሳኔ ሽሮ የፀረ አፓርታይድ ሕጉን አጽድቋል። ታዲያ በፕሪቶሪያ ላይ ማዕቀብን የደገፈ እንደራሴ በአዲስ አበባ ላይ እርዳታ ማቆምን ስለምን ይቃወማል? የዚህ ጽሑፍ አተያይ ሁለቱ አቋሞች አይጣሉም የሚል ነው። የደቡብ አፍሪካው ማዕቀብ በንግድና በመዋዕለ ንዋይ ላይ ያነጣጠረ ሲሆን ከተጨቋኞቹ ንቅናቄዎች ዘንድም ጥሪ የቀረበበት ነበር። እህል መከልከል ግን ጫናውን በቀጥታ የሚያሳርፈው ገዢውን ባልመረጠውና ሊያወርደው በማይችለው ገበሬ ላይ ነው። ልዩነቱ ያለው ዱላው ከሚያርፍበት ሰው ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን መርሑ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ነበረው ማለት አይደለም። በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እህሉ በማን መንገድ ይጓዛል፣ በማን እጅ ይከፋፈላል የሚለው በራሱ ፖለቲካ ነው። በወቅቱ ረሃብ ከበረታባቸው ቦታዎች ከፊሉ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጪ ስለነበሩ በአዲስ አበባ በኩል የሚላክ እርዳታ ሁሉንም ሊያዳርስ አልቻለም። ምግብን ከፖለቲካ መለየት በዋሽንግተን ሲወሰን የሚቻል፣ በመቀሌና በኮረም መንገድ ላይ ግን እጅግ የሚከብድ ነበር።

5. ከሌላንድ በኋላ

የጠፋው አውሮፕላን ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ በደምቢ ዶሎ አካባቢ ተራራ ላይ ተገኘ፤ በውስጡ ከነበሩት 16 አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን የተረፈ አልነበረም። የኮሚቴው ሊቀ መንበርነት ወደ ኦሃዮው እንደራሴ ወደ ቶኒ ሆል ተላለፈ። በ1993 ምክር ቤቱ ልዩ ኮሚቴዎቹን እንዳያድስ ሲወስን የረሃብ ኮሚቴውም አብሮ ተዘጋ፤ ሆል ውሳኔውን በመቃወም ለ22 ቀናት ጾመዋል።

መዘጋቱ የአሠራሩን ደካማ ጎን ያጋልጣል። በየዘመኑ ፈቃድ የሚታደስ ኮሚቴ ዕድሜው በምክር ቤቱ ስሜት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሌላ በኩል፣ በዚያው ዓመት በሌላንድ ስም የተሰየመው የሕፃናት ረሃብ ማቃለያ ሕግ ከበጀት ሕጉ ጋር ተጠቃሎ ጸድቋል። ከኮሚቴው መዘጋት በኋላ የተመሠረተው የኮንግረስ የረሃብ ማእከልም በሌላንድና በሪፐብሊካኑ ቢል ኤመርሰን ስም ወጣት ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። አጀንዳው ቤቱ ቢፈርስበትም ሌላ መጠለያ አግኝቷል።

6. ማጠቃለያ

የሌላንድ የሥራ ዘመን ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። በመጀመሪያ፣ የእንደራሴን ሥራ በጸደቁ ሕጎች ቁጥር ብቻ መመዘን ጉዳዮችን ወደ መድረክ የማምጣትን ሥራ ከእይታ ያስወጣል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ሥራ በሥልጣን ሳይሆን በመረጃ፣ በአካል በመገኘትና በጥምረት የሚሠራ በመሆኑ ፍሬው ከሚመራው ሰው ጋር በእጅጉ የተቆራኘ ነው። በኢትዮጵያም የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። የእኛ ቋሚ ኮሚቴዎች ሌላንድ ያልነበራቸው ሥልጣን በእጃቸው አለ። ቀጣይ ጥናቶች ሊመረምሩት የሚገባው ይህ ሥልጣን የምግብ ዋስትናን በመሳሰሉ በብዙ መሥሪያ ቤቶች መካከል በተበታተኑ ጉዳዮች ላይ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ነው።